ለእትዬ መቀስ የሚሆን ስክሪን

ልጅቷ ደውላ «እማዬ፣ አንቺ አጠገቤ ካልሆንሽ እኔ አልወልድም!» ያለች ዕለት እናትየው መጀመሪያ ሳቀች። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው? እዚያው ሆድሽ ውስጥ ልታስተምሪው ነው?» አለቻት። ሁለቱም ተንከትክተው ሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን እናትየው የስፌት መኪናዋ ላይ ክርኗን አስደገፈች። ትንሽ ቆይታም ስትሰፋው የነበረውን የሕፃን ቀሚስ ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ልጅቷ የምትኖረው ከባሕር ማዶ ነው፤ እርግዝናዋም የመጀመሪያ ነው። ባሏ፣ ሐቁን አልክድም፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን መርፌ ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ምጥ ቤት በር ላይ ቢቆም ለማን ይጠቅማል? እሱን ደግፎ የሚያነሳ ሌላ ሰው ሊፈለግለት ነው። በመርከብ ትሂድ እንዳይባል፣ መርከቡ እስኪደርስ ልጁ ጥርስ ያበቅላል። የቀረው አውሮፕላን ነው። እናትየው ደግሞ አውሮፕላን ትፈራለች። ትፈራለች ስላችሁ እንዲያው ትንሽ ልቧ የሚመታ እንዳይመስላችሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ አውሮፕላን ሲነሳ ካየች ዓይኗን ጨፍና «ዐረፈ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ባሏ አውሮፕላን አብራሪ ነው።

ነበር እንበል፤ ጡረታ ወጥቷል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት አውሮፕላን ሲያበር ስለኖረ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ካፒቴን» ነው የሚለው። እሷን ደግሞ «እትዬ መቀስ» ይሏታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፣ በምላሷ ምክንያት ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። ካፒቴን ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድረው እንደ አውሮፕላን ነው። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይጠራል። «ምድጃ?» ይላል፤ «ጠፍቷል» ማለት አለባት። «መስኮት?» «ተዘግቷል።» «ቁልፍ?» «ተይዟል።» «ሚስት?» «አለች፣ ምን ትሆናለች!» ይህ ሁሉ ካልተባለ በሩ አይከፈትም። መጀመሪያ መጀመሪያ ታኮርፍበት ነበር። በኋላ ለመደችው፤ አሁንማ እሱ ረስቶ ከዘለለ «ካፒቴን፣ ሚስት አልጠራህም እኮ» የምትለው ራሷ ናት።

ያን ዕለት ከጓሮ ሲገባ ስታለቅስ ደረሰባት። የሆነውን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ለዚህ ነው እንዴ? ይሄማ የኔ ሥራ ነው!» አለ። «ስንቱን ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ሰው አድርጌያለሁ መሰለሽ! ጀማሪ መሬት ላይ ነው የሚሠለጥነው። ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ማስመሰያ እጭናለሁ፣ ደህና ስክሪን እንገዛለን፣ አንቺም የስፌት ክፍልሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሰማይን ትለምጃለሽ። እውነተኛው አውሮፕላን ውስጥ ስትገቢ የገዛ ሳሎንሽ ነው የሚመስልሽ።»

«ብወድቅስ?»

«ብትወድቂ ከወንበር ነው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እትዬ መቀስም የጨነቃት የእርጉዝ እናት ናትና እሺ አለች።

የኮምፒውተር መሸጫው ግድግዳው ሁሉ ስክሪን ነው። ባንዱ ዓሣ ይዋኛል፣ ባንዱ አበባ ይፈካል፣ በሌላው ማር ከማንኪያ ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሻጯ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ቀልጣፋ ልጅ ናት። ገና ከበሩ ተቀበለቻቸው።

«አባባ፣ ለምን የሚሆን ነው የሚፈልጉት? ለፊልም ነው?»

«አውሮፕላን ለማሳረፍ ነው» አለ ካፒቴን።

ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሚስቱን አየች። «አይዞሽ፣ ጤነኛ ነው» አለቻት እትዬ መቀስ።

ካፒቴን ሥራውን ጀመረ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወደፊት ያዘነበለው ትከሻው ባንድ ጊዜ ቀና አለ። «መጀመሪያ ይሄን አበባ አጥፊልኝ» አለ። «አበባማ የትም ላይ ያምራል። ጉም አሳዪኝ። ጠዋት፣ ዝናብ ያለበት ጉም፣ ከሩቅ የማኮብኮቢያው መብራት ብልጭ ብልጭ የሚልበት።» ልጅቷ ስክሪን ሊገዛ መጥቶ ጉም የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ቢሆንም ፈልጋ ፈልጋ አገኘችለት። እሱም መነጽሩን እያወለቀና እያጠለቀ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞር ጀመር። አንዱ የሩቁን መብራቶች አጣብቆ አንድ ነጭ ጭቃ አደረጋቸው፤ «ነጥቦቹ ትልልቅ ናቸው፣ ይሄ የቅርብ እንጂ የሩቅ ሰው አይደለም» ብሎ አለፈው። ሌላው ምስሉ በዞረ ቁጥር ከኋላው ጥላ ይጎትታል። «ይሄ ሰነፍ ነው፣ ምስሉን ቶሎ ቶሎ አያድስም። እኔ ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወሬው የሚደርሰው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ጉሙ መሐል ቁልጭ ብሎ የታየው የካፒቴን መላጣ ነበር። «ይሄኛው እኔኑ ነው የሚያሳርፈኝ» ብሎ ራሱ ሳቀ።

እትዬ መቀስ ከአንገቷ የማይለየውን የልብስ ሰፊ ሜትር ዘርግታ ከኋላው እየተከተለች ትለካለች። ስለ ስክሪን የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለ ጥቁር ጨርቅ ግን ታውቃለች። «ይሄኛው ጥቁሩ ጥቁር አይደለም» አለች ጣቷን ቀስራ። «ደጋግሞ የታጠበ ጥቁር ነው። ሰማዩ ሲመሽ ያረጀ ሱሪ ነው የሚመስለው።» ካፒቴን ጠጋ ብሎ አየና «እውነቷን ነው!» ብሎ ለሻጯ እንደ ትልቅ ግኝት አበሰራት። በሚስቱ ኮራ። መሐል ላይ ወደቆመው፣ ግራና ቀኝ ዳሩ ወደ ውስጥ ወደጎበጠው ሰፊ ስክሪን ሲደርሱ ግን እትዬ መቀስ ፊቷን አጨማደደች።

«ልጄ፣ ይሄ ጎብጧል። ያልጎበጠ የላችሁም?»

«ኧረ እትዬ፣ ሆን ተብሎ ነው የጎበጠው!» አለች ልጅቷ ሳቋ እያመለጣት።

ካፒቴን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ጉሙ ከግራም ከቀኝም ከበበው፤ እጁም ሳይታወቀው ወደሌለ መሪ ተዘረጋ። «መቀሴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነው። ይሄው ራሱ ነው።» አነጋገሩ አንጀቷን በላው። ያን ሁሉ ዘመን የሠራበትን መስኮት ድንገት የመለሱለት ሰው ነበር የሚመስለው። ለማን እንደሚገዛ ለአንድ አፍታ ረስቶት እንደሆነ ጠርጥራለች፤ ግን እንዲህ ደስ ያለውን ሰው ደስታውን ልትቀማው ምን ቆርጧት! «በል ይጠቅለልና እንሂድ» አለች።

ስክሪኑ ሲገባ የስፌት መኪናው ኮሪደር ወጣ። ካፒቴን ጠረጴዛውን አሥሬ እያነሳ እያወረደ አድማሱን ከተቀማጭ ሰው ዓይን ጋር አስተካከለ። የመስኮቱ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ እትዬ መቀስ ወፍራም መጋረጃ ሰፋችለት። ሁሉም ነገር ሲያልቅ እሷን መሐል አስቀመጣትና ከኋላዋ ቆመ።

«ቀበቶ?» ብሎ ጠራ።

ቀበቶ ስላልነበረ የካፖርቷን መታጠቂያ ከወንበሩ ጋር ወገቧ ላይ ቋጠረች። «ታስሯል።»

ሞተሩ አጓራ። ማኮብኮቢያው እየሮጠ ወደሷ መጣ። መሬቱ ከሥሯ ሲሸሽ ቀኝ እግሯ ወለሉን ደጋግሞ መታ፤ የስፌት መኪናውን መርገጫ ነው የሚፈልገው፤ ሰው ሲፈራ እግሩ የለመደውን ይፈልጋል። «አሁን ወደ ግራ እንዞራለን!» አለ ካፒቴን እየተፍለቀለቀ። አድማሱ ጋደም አለ፣ መሬት ተነስቶ ግድግዳ ሆነ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! መልሰው! ቤቴን መልሰው!»

ሲመልሰው ጊዜው አልፎ ነበር፤ ቁርሷን ለባልዲ አስረክባለች።

ካፒቴን ባልዲውን አጥቦ ሲመለስ መፍትሔ ይዞ መጣ። «ገባኝ» አለ። «ስክሪኑ የሚያልቅበት ላይ ግድግዳው ይታይሻል። ግማሽ ዓይንሽ ሰማይ ላይ፣ ግማሽ ዓይንሽ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚያዞርሽ። ግራና ቀኝ ሁለት መጨመር ነው።» ለአብራሪ የሚሆን ትክክለኛ ምክር ነበር። ጊዜም አላጠፋ፤ ሄዶ ሁለቱን አምጥቶ ተከላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ካፒቴን ግን እያፈሰሰ መሆኑን እንኳ አላወቀም። ቀድሞ በጭንቋ መሐል ዓይኗን ወረወር ስታደርግ ምስማር ላይ የተሰቀለውን መቀሷን ታይ ነበር፤ «አለሁ፣ ቤቴ ነኝ» ትል ነበር። አሁን መቀሱም ጠፋ። ግራ ብትል ገደል፣ ቀኝ ብትል ገደል። አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ ሳለ መታጠቂያዋን ፈትታ፣ ተነስታ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ካፒቴን ዕድሜውን ሙሉ በበረራ መሐል ወርዶ የሄደ ሰው ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

ኮሪደር ላይ ሲደርስባት የሕፃኑን ልብሶች እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትደረድር አገኛት። አልተቆጣችም። ካፒቴንን ያስፈራው ይሄ ነው።

«ይሄን አንተ ውሰድላት» አለች። «ትንንሾቹን ከላይ አድርጌልሃለሁ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። እኔ አልችልም። ልጄን ስትወልድ ማየት ነበረብኝ፣ ግን አልችልም። ምን እንደምትላት እንጃልህ።»

«ኧረ መቀሴ! ምኑ ነው የሚያስፈራሽ? ከመኪና ይሻላል እኮ! ያን ሁሉ ዓመት በርሬ ይኸው አለሁ አይደል?»

እትዬ መቀስ ልብሱን አስቀመጠች።

«አንተማ አለህ» አለች። «አንተ መሪው በእጅህ ነበር፤ ፊት ለፊትህን ታይ ነበር። እኔስ? ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ነፋስ ጣራውን ባንኳኳ ቁጥር፣ እዚች ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምንም ሳላይ፣ ምንም ሳልይዝ! አንተ ስትበር እኔ እዚህ ስወድቅ ነው የኖርኩት። ትመጣለህ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ‹እንዴት ነበር?› እልሃለሁ፤ ‹ሰላም ነበር› ትላለህ። አንድ ቀን ‹አንቺስ?› ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ካፒቴን የስፌት መኪናው እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ወደ ላይ አያት።

«አንቺስ?» አለ በመጨረሻ።

«ዘገየህ» አለች። እንባዋና ሳቋ አብረው መጡ። «አንተና ሰዓት ማክበር!»

ቢዘገይም ነገረችው። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስልክ ሲጮኽ እጇ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር፣ ልጅቷ ልቅሶዋን እንዳትሰማት እያለች እንዴት እየዘፈነች ትሰፋ እንደነበር። እሱም አላቋረጣትም፤ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ነግራው ስትጨርስ ቀለል አላት፤ ቀለል ሲላት ደግሞ ምላሷ ተመለሰ።

«ቆይ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አውሮፕላኑ ላይ የኔ ወንበር የቱ ጋ ነው?»

«ቅድም ስክሪኑ ፊት የተቀመጥሽበት ነዋ።»

«እሱማ ያንተ ነው! ትኬት ቆርጬ ስገባ ከአብራሪው ጎን ነው የሚያስቀምጡኝ? ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምንድን ነው የሚያየው?»

ከኋላ ምን ይታያል? ካፒቴን መንገደኛ ሆኖ አያውቅም። ከኋላው ሁልጊዜ የነበረው ሳጥን፣ የመኪና ጎማና የጆንያ ክምር ነው። እንግዳ ሆኖ ሲሳፈር እንኳ ጓደኞቹ ፊት ክፍል ትርፍ ወንበር ዘርግተው አጠገባቸው ያስቀምጡታል። ሰማይ ማለት ለሱ ፊት ለፊት ያለ ነገር ነው፤ ሰማይን በጎን የሚያይ ሰው አለ ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ከኋላማ...» አለ ግራ ተጋብቶ፣ «ከኋላ ጭነት ነው ያለው።»

«እሰይ! በስተርጅና ጭነት ሆንኩልህ!»

ሁለቱም ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ሳቁ። ካፒቴን ሳቁን ሲጨርስ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም ያሉት እኔን ነው» አለ። «ተነሺ፣ ሱቅ እንሂድ።»

ሻጯ ከሩቅ ስታያቸው «አባባ፣ አራተኛ ሊጨምሩ ነው?» አለች።

«ሦስቱንም መልሼልሻለሁ። አንድ ትንሽ ስጪኝ።»

«ሰው ለመጨመር ነበር የሚመጣልኝ፤ እርስዎ ለመቀነስ መጡ! ምን ያህል ትንሽ?»

ካፒቴን እንደ ልማዱ ሊመልስ አፉን ከፈተና ቆመ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «እሷን ጠይቂ» አለ። «መንገደኛዋ እሷ ናት።»

እትዬ መቀስ ሜትሯን ዘረጋች። ግድግዳውን ሁሉ ትታ ጥግ ላይ አቧራ ለብሰው ወደተደረደሩት ትንንሾቹ ሄደች። ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ከትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ለካች፣ ከዚያ «ይሄ መቆም ይችላል?» አለች። ልጅቷ ስክሪኑን እግሩ ላይ አዞረችው፤ ተጋድሞ የነበረው በቁመቱ ቆመ። ካፒቴን ያወቀውን ደግሞ ጨመረ፦ መንገደኛ መስኮት የሚያየው ፊት ለፊት አይደለም፣ አንገቱን ጠምዝዞ በጎን ነው፤ ስለዚህ በጎን ሲያዩት ቀለሙ የማይከዳ መሆን አለበት። ጎንበስ ብሎ ከዳር አየው። የመጀመሪያው ከዳር ሲያዩት ሰማዩ አመድ ሆነ። ሁለተኛው ጥቁሩ ደህና ነበር፤ ሰማዩ ሲነጋ ግን እሱም አመዱን አመጣ። ሦስተኛው ግን ከየትም ቢያዩት ሰማዩ ሰማይ ነው። እትዬ መቀስ ለመጨረሻ ጊዜ ለካችውና ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነው» አለች፣ ደንበኛ ልብስ ለክቶ ሲያምርበት እንደምትለው።

ቤት ሲደርሱ ሥራው የሁለቱ ሆነ። እሱ ምስሉን ከክንፉ በላይ ባለው የጎን መስኮት በኩል እንዲታይ አደረገና አውሮፕላኑ ራሱን ችሎ እንዲበር አዘዘው። እሷ ከግራጫ ወፍራም ጨርቅ ለስክሪኑ ልብስ ሰፋችለት፤ መሐሉን ጠርዙ ክብ ክብ ያለ መስኮት አድርጋ ቆረጠችው። ከዚያ ደግሞ እሱ ያላሰበውን አንድ ነገር ጨመረች፦ ወደ ታች የሚሳብ መጋረጃ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለ ካፒቴን።

«ሲያስፈራኝ ልዘጋው። ያንተን መስኮት እኮ መዝጋት አይቻልም።»

የምግብ ጠረጴዛውን ወንበሮች እንደ አውሮፕላን ደረደሯቸው፣ የፊተኛው ጀርባ ጉልበት እስኪነካ። ስክሪኑ ከግራ ትከሻዋ አጠገብ ቆመ፤ ካፒቴን በቀኟ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን በረራ መጋረጃውን ዘግታ ጨረሰችው። ድምፁን ብቻ ሰማች፤ እሱም እያንዳንዷን ድምፅ ፈታላት። ከሥር ግው ሲል «ጎማው ነው፣ ታጥፎ እየገባ ነው» አላት። ጉርምርምታው ድንገት ሲቀንስ «ሞተሩ ጠፋ!» ብላ ክንዱን ስትቧጥጠው «አልጠፋም፣ ዳገቱን ጨርሶ ነው፤ አንቺስ ዳገት ስትጨርሺ አትተነፍሺም?» አላት። በማግስቱ መጋረጃውን የጣት ያህል ከፈተች። ሌላ ቀን የእጅ ያህል። እየዋለ እያደረ ግማሹን ከፈተችው፤ ክንፉ አለ፣ ከሥሩም ደመናው ገና እንዳልተፈተለ ጥጥ ተዘርግቷል። «እንዴ፣ ያምራል እኮ» አለች፤ መርፌና ክሯንም አወጣችና የሕፃኑን ካልሲ አየር ላይ ትሰፋ ጀመር።

ካፒቴን ነው ያስቸገረው። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል መቀመጥ አይሆንለትም፤ አንገቱን እየሰገገ ፊት ለፊት ለማየት ይሞክራል፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ የምግብ ጠረጴዛው ወንበርና የስኳር ዕቃው ነው።

«ካፒቴን! ቀበቶ የሚያሳስበው መብራት በርቷል፣ ቁጭ በል!» ትለዋለች። እሱም እያጉረመረመ ይቀመጣል።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። እትዬ መቀስ በመስኮቱ በኩል፣ ካፒቴን አጠገቧ ተቀመጡ። ውሸት አልነግራችሁም፣ ፈርታለች። ገና በሩ ሲዘጋ መጋረጃውን እስከ ታች ሳበችው። አውሮፕላኑ ሲንደረደር እግሯ እንደ ልማዱ መርገጫውን ፈለገ። ከዚያ መሬቱ ለቀቃቸው፤ ከሥር ግው አለ።

«ጎማው ነው» አለች ለራሷ።

መጋረጃውን የጣት ያህል ከፈተች። ከዚያ የእጅ ያህል። ክንፉ መሆን ባለበት ቦታ አለ፣ የመስኮቱ ጠርዝም እሷ የቆረጠችው ይመስል ክብ ክብ ብሏል። «ልክ ነው» አለችና መጋረጃውን እስከ ላይ ገፋችው። ልጇ ጋ እየሄደች ነው! በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። ደስታዋን ልትነግረው ወደ ባሏ ዞረች።

ካፒቴን ላብ በላብ ሆኗል። ሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ፣ ሁለት እግሩ ወለሉን እየገፋ፣ ዓይኑ ከፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?»

«ፊት ለፊቱ አይታየኝም» አለ ድምፁ ተሰልቦ። «ማን እንደሚያበረው እንኳ አላውቅም። ምንም የምይዘው የለም።» ከዚያ ወደሷ ዞሮ፣ ያን ሁሉ ዓመት አይታው በማታውቀው ዓይን አያት። «መቀሴ... ለካ እንዲህ ነው?»

«ምኑ?»

«ምንም ሳያዩ፣ ምንም ሳይዙ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነበር የምትቀመጪው?»

ሦስት አራት የተሳሉ መልሶች ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሰው ነበር። ሁሉንም ዋጠቻቸው። ከወንበሩ ክንድ ላይ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችና እጁን በእጇ ያዘች።

«እንዲህ ነበር» አለች። «ግን መጣህ። ሁልጊዜም መጣህልኝ።»

አውሮፕላኑ ትንሽ ተናጠ፤ ካፒቴን ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ መቀስ ጉሮሮዋን ጠርጋ ድምፁን አስመስላ ጠራች።

«ቀበቶ?»

«ታስሯል» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«መስኮት?»

«ተከፍቷል።»

«ሚስት?»

ዓይኑን ገለጠ። «አለች» አለ፤ እጇንም ጠበቅ አደረገ። ጉርምርምታው ድንገት ሲቀንስ ደንግጦ ብድግ ሊል ቃጣው። «ተው ተቀመጥ» አለችው። «ዳገቱን ጨርሶ ነው።»

ሲያርፉ ልጅቷ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች፤ ሆዷ ቀድሟት፣ ባሏ ከኋላዋ አበባ ይዞ። እናቷን ስታይ እየሮጠች ልትመጣ ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች መጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ! መጣሽልኝ! በጣም ፈራሽ?»

«እኔማ ይኸው። ይልቅ አባትሽን ያዢው፣ ጉልበቱ ገና አላረፈም።»

ልጅቷ እያለቀሰችም እየሳቀችም አባቷን ደገፈችው። እትዬ መቀስ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ መዳፏን የልጇ ሆድ ላይ አሳረፈችና ጠራች።

«ልጅ?»

ከውስጥ አንድ ጠንካራ እርግጫ መጣ።

«አለ» አለ ካፒቴን፣ እጁን በእጇ ላይ ደርቦ። «ምን ይሆናል!»